ስለ ሥጋ ምርመራ ሕግ አጀማመር፤ የቺካጎ ቄራዎችና የ1906 ዓመት ክርክር

በጥንት ዘመን ሥጋ የሚበላ ሰው ሁሉ ከብቱን ማን እንዳረደው ያውቅ ነበር። በኦሪት ሕግ ለመሥዋዕት የሚቀርበው እንስሳ ነውር እንዳይኖርበት አስቀድሞ ይታይ ነበር፤ የበከተውንና አውሬ የሰበረውንም መብላት የተከለከለ ነበር። በኢትዮጵያም ምእመናን አራጁ ክርስቲያን መሆኑን፥ በስመ ሥላሴም ባርኮ ማረዱን ሳያውቁ ሥጋውን አይቀምሱም። ይህ ሥርዐት የሃይማኖት ቢሆንም ለሰውነት ጤና ደግሞ የሚረዳ ነገር ነበረበት፤ ይኸውም ከአራጁ እጅ እስከ በላተኛው አፍ ያለው መንገድ አጭር ሆኖ ሳለ የታመመውን ከብት ሰውሮ መሸጥ ቀላል አልነበረም፤ ጎረቤት ያየዋል፥ እረኛውም ይመሰክራል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ግን በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች እየሰፉ፥ ምድር ባቡርም እየተዘረጋ ሲሄድ ይህ መንገድ እጅግ ረዘመ። በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት የታረደውን የሚበላ ሰው አራጁንም ከብቱንም አያይም። እንግዲህ በእርሱ ፈንታ የሚያይለት ማን ይሁን፥ የዚያንስ ሰው ደመወዝ ማን ይክፈል የሚል ጥያቄ ተነሣ። ጥያቄው ጎልቶ የወጣው በአሜሪካ፥ በቺካጎ ከተማ ነው፤ ዘመኑም ከዚህ በታች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ተጽፏል።

አውሮፓውያን ግን በዚህ ነገር አስቀድመው ነበር። በፓሪስ ከተማ ሥጋ ሻጮች በየሱቃቸው ጓሮ ሲያርዱ ደሙ በመንገድ ላይ ይፈስ ስለ ነበረ ናፖሊዮን በ1810 ዓመት አምስት ቄራዎች እንዲሠሩ አዘዘ፤ እነርሱም በ1818 ተከፈቱ። ይህ ስለ ሽታና ስለ ጽዳት የተደረገ ነው እንጂ ሥጋውን ስለ መመርመር አልነበረም። የምርመራው ነገር የተነሣው ከጀርመኖች ዘንድ ነው። ትሪኪና የሚባለውን በዐሣማ ሥጋ ውስጥ የሚኖር ደቃቅ ትል በ1835 ዓመት በለንደን ጄምስ ፓጄት የሚባል የሕክምና ተማሪ በሬሳ ሥጋ ውስጥ አገኘው፤ ነገር ግን ሰውን የሚገድል መሆኑን በ1860 ያስረዳው በድሬስደን የነበረው ሐኪም ፍሪድሪክ ጼንከር ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ሄደርስሌበን በምትባል የፕሩስያ መንደር ካንድ ዐሣማ የተነሣ ከሦስት መቶ በላይ ሰዎች ታመው መቶ ያህሉ ሞቱ። መንደሩ ትንሽ ስለ ነበረ ያላለቀሰ ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል። ከዚህ በኋላ ታላቁ ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኮ የዐሣማ ሥጋ ሁሉ ሳይሸጥ በማይክሮስኮፕ ይታይ ብለው አጥብቀው ተከራከሩ፤ ሥጋ ሻጮቹ ቢቃወሙም ምርመራው ከከተማ ወደ ከተማ ተስፋፋ፥ በ1900 ዓመትም ለጀርመን መንግሥት ሁሉ አንድ የሥጋ ምርመራ ሕግ ወጣ።

በአሜሪካ ነገሩ በሌላ መንገድ መጣ። በ1865 ዓመት በልደት ቀን ከቺካጎ በስተ ደቡብ ረግረግ በነበረ ምድር ላይ ዩንየን ስቶክ ያርድስ የሚባለው ታላቅ የከብት በረት ተከፈተ። መሬቱን አድርቀው በረቱን የሠሩት ዘጠኝ የምድር ባቡር ኩባንያዎች በአንድነት ሆነው ነው፤ ከምዕራቡ ሜዳ የሚመጣው ከብት ሁሉ በሐዲድ እየተነዳ ወደዚያ ይገባ ነበር። ቀጥሎ ጉስታቩስ ስዊፍት የተባለው ነጋዴ በበረዶ የሚቀዘቅዝ ፉርጎ ካሠራ ወዲህ ከብቱን በሕይወቱ ወደ ኒውዮርክ መላክ ቀርቶ በቺካጎ የታረደው ሥጋ ብቻ ይላክ ጀመር። ስዊፍትና አርመር፥ ሞሪስም የሚባሉት ባለጠጎች በበረቱ ዙሪያ ፋብሪካዎች ሠሩ። በእነዚያ ፋብሪካዎች ዐሣማው በኋላ እግሩ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ በሐዲድ ላይ ሲያልፍ አንዱ ሠራተኛ ያርዳል፥ ሌላው ይልጣል፥ ሌላው ሆዱን ይከፍታል፤ እያንዳንዱም ከማለዳ እስከ ማታ ያችኑ አንዲት ቢላዋ ያሳርፍ ነበር። ከዐሣማው ጩኸቱ ብቻ ሲቀር ሌላውን ሁሉ እንሸጣለን እያሉ ባለፋብሪካዎቹ ይመኩ ነበር፤ ትምክሕቱም ሐሰት አልነበረም። ያልተሸጠው ደምና ፈርስ ግን ከቺካጎ ወንዝ በሚለየው አነስተኛ ክንድ ውስጥ ይጣል ነበር፤ ከሥሩ የሚበሰብሰው ነገር አየር እየሰጠ ውሃው ያለ እሳት የሚፈላ ስለሚመስል የአገሩ ሰው አረፋማው ወንዝ ብሎ ሰየመው።

መንግሥት ወደዚህ ስፍራ ዐይኑን ያዞረው ለገዛ ሕዝቡ ብሎ አይደለም። በ1879 ዓመት ኢጣሊያ፥ በ1881 ፈረንሳይ፥ በ1883ም ጀርመን የአሜሪካን የዐሣማ ሥጋ ስለ ትሪኪና ትል ከወደባቸው ከለከሉ። አሜሪካውያን ሥጋችን ንጹሕ ነው፥ እናንተ የምትፈልጉት የገዛ ገበሬዎቻችሁን ከገበያ ውድድር መጠበቅ ነው ብለው መለሱ፤ በሁለቱም ወገን እውነት ነበረ። ክርክሩ ዐሥር ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ በ1890ና በ1891 የአሜሪካ ምክር ቤት የምርመራ ሕጎች አወጣ፤ ሥራውም በ1884 ለተቋቋመው ለእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት ተሰጠ። የመሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያው አለቃ የከብት ሐኪሙ ዳንኤል ሳልሞን ነበሩ፤ ሳልሞኔላ የሚባለውም የበሽታ ተሕዋስ የተሰየመው በስማቸው ነው። በቺካጎም ማይክሮስኮፕ የተደረደረበት ክፍል ተዘጋጅቶ፥ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ሴቶች ሆነው፥ ከእያንዳንዱ ዐሣማ የተቈረጠውን ሥጋ እየተመለከቱ ትል ይፈልጉ ጀመር። ጀርመንም በዚያው በ1891 ዓመት ክልከላዋን አነሣች።

የዚህ ምርመራ አኳኋን ግን እንግዳ ነበር። በማይክሮስኮፕ የታየው የዐሣማ ሥጋ ባሕር ተሻግሮ የሚሄደው ብቻ ነው፤ የበርሊን ሰው ተመርምሮ ማኅተም የተደረገበትን ሲበላ የቺካጎ ሰው በአጠገቡ የታረደውን ማንም በማይክሮስኮፕ ሳያየው ይበላ ነበር። ከዚህም በላይ የመንግሥቱ መርማሪ ሥልጣን ከማረጃው ክፍል አያልፍም ነበር። በሬው ሲታረድ ያየዋል፥ ደኅና ነው ብሎ ማኅተሙን ያደርግበታል፤ ሥጋው ወደ ቋሊማና ወደ ቆርቆሮ ክፍል ከገባ በኋላ ግን ቢሸት፥ በመድኀኒት ቢነከር፥ ከወለል ቢጠረግ መርማሪውን አይመለከተውም። በቆርቆሮው ላይ ግን መንግሥት መርምሮታል የሚል ጽሕፈት ይወጣ ነበር። መንግሥት ያላየውን አየሁ ብሎ እንደ መሰከረ ይቈጠራል።

በ1898 አሜሪካ ከእስፓኝ ጋራ ስትዋጋ ለወታደሮቹ የተላከው የቆርቆሮ ሥጋ ብዙ ሐሜት አስነሣ። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ኔልሰን ማይልስ ሥጋው እንደ ሬሳ በመድኀኒት የደረቀ ነው ብለው ከሰሱ፤ ጉባኤ ተቀምጦ ቢመረምርም በመድኀኒት መደረጉ አልተረጋገጠም። ነገር ግን በኩባ የዘመተው ኮሎኔል ቴዎዶር ሩዝቬልት በጉባኤው ቀርቦ ሥጋው የማይበላ እንደ ነበረ መሰከረ። ይህ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ፕሬዚዳንት መሆኑን ባለፋብሪካዎቹ አላወቁም ነበር።

በ1904 ዓመት በበጋ ወራት የቺካጎ የሥጋ ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። የጠየቁት ለሙያ የለሹ ሠራተኛ በሰዓት 18 ሳንቲም ተኩል እንዲከፈል ነበር፤ ተሸንፈው ተመለሱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አፕተን ሲንክሌር የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት ጎልማሳ ጸሓፊ ወደ ሰፈሩ መጣ። በካንሳስ የሚታተም የሶሻሊስቶች ሳምንታዊ ጋዜጣ አምስት መቶ ዶላር ሰጥቶት ስለ ሠራተኞቹ ኑሮ ልብ ወለድ ታሪክ እንዲጽፍ ተስማምቶ ነበር። ሲንክሌርም ሰባት ሳምንት ያህል አሮጌ ልብስ ለብሶ፥ እንደ ሠራተኛ የምሳ ዕቃ ይዞ በፋብሪካዎቹ ውስጥ ተመላለሰ፤ ማታም በቤታቸው እየተቀመጠ ይጠይቃቸው ነበር። የጻፈው መጽሐፍ ዱር የሚል ስም ያለው ሆኖ፥ ከሊትዌንያ ተሰዶ የመጣ ዩርጊስ የሚባል ጠንካራ ጎበዝ በቄራው ሥራ እንዴት እንደ ደቀቀ፥ ቤተ ሰቡም እንዴት እንደ ጠፋ የሚናገር ነው። በ1905 በጋዜጣው ተከፋፍሎ ወጣ፤ መጽሐፍ ሆኖ እንዲታተም ሲለምን ግን ብዙ አታሚዎች እንቢ አሉት፤ በመጨረሻ አንድ የኒውዮርክ ማተሚያ ጠበቃውን ወደ ቺካጎ ልኮ ነገሩን ካስመረመረ በኋላ በፌብሩዋሪ 1906 አወጣው።

በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ሥጋው እንዴት እንደሚበላሽ የሚናገረው ክፍል ጥቂት ነው። አንባቢው ግን የያዘው እርሱን ነው። በየከተማው ሰዎች ቋሊማውን ከገበታቸው አነሡ፤ ስለ ዩርጊስ ያዘነው ጥቂት፥ ስለ ሆዱ የፈራው ብዙ ሆነ። ሲንክሌር ራሱ በኋላ የሕዝቡን ልብ ልመታ አስቤ ሳላውቅ ሆዱን መታሁ የሚል ቃል ተናግሯል፤ ይህም የቀልድ ቃል ቢመስል የልብ ኀዘን አለበት።

ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሶሻሊስቶችን አይወዱም ነበር፤ ጸሓፊውንም ከልክ በላይ የሚናገር ሰው አድርገው ይቈጥሩት ነበር። ነገር ግን መጽሐፉን አነበቡ፥ የኩባውንም ሥጋ አልረሱም። በመጀመሪያ የእርሻ ሚኒስቴር ሰዎች እንዲመረምሩ አዘዙ፤ እነዚህ ግን የሚመረምሩት የገዛ መሥሪያ ቤታቸውን ሥራ ስለ ነበረ ቃላቸው አልታመነም። ስለዚህ የሥራ ጉዳይ ሹሙን ቻርልስ ኒልንና በድኾች ሰፈር በማገልገል የታወቁትን ጄምስ ሬይኖልድስን ላኩ። ሁለቱ ያዩት ነገር መጽሐፉን አላፈረሰውም። ሥጋ በቆሸሸ የእንጨት ወለል ላይ ተጥሎ፥ በተበላሸ ጋሪ እየተገፋ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሄድ አዩ፤ ሠራተኞቹ እጃቸውን የሚታጠቡበት ስፍራ እንደሌላቸው፥ የሳንባ ነቀርሳም እየበዛባቸው በዚያው ወለል ላይ እንደሚተፉ ጻፉ። አንድ ታርዶ የታጠበ ዐሣማ ከሐዲዱ ወድቆ እየተንሸራተተ በከፊል ከወንዶች መጸዳጃ ቤት ገባ፤ ሁለት ሠራተኞች አነሡት፥ በጋሪ አድርገው ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል ወሰዱት፥ ሳያጥቡትም ከሌሎቹ ጋራ ሰቀሉት። መርማሪዎቹ ቆመው ሲያዩ እንዲህ ከተደረገ ሰው በሌለበት ጊዜ የሚደረገውን መገመት ለአንባቢ አይቸግርም። በመጽሐፉ ከተጻፈው ሊረጋገጥ ያልቻለው ሰዎች በሞራ ማቅለጫ ጋን ውስጥ ወድቀው ቀሩ የሚለው ነው።

ሩዝቬልት ይህን ጽሕፈት ወዲያው አላወጡትም፤ እንደ ሰይፍ በሰገባው ይዘው ባለፋብሪካዎቹን ያስፈራሩበት ነበር። የኢንዲያና ተመራጭ አልበርት ቤቨሪጅ ያቀረቡት የምርመራ ሕግ በሜይ 25 ቀን በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ያለ ክርክር አለፈ። በሕግ መምሪያው ምክር ቤት ግን የእርሻ ጉዳይ ጉባኤ ሊቀ መንበር ጄምስ ዋድስወርዝ፥ ራሳቸው ከብት አርቢ የነበሩት፥ ከቺካጎው ተመራጭ ከዊልያም ሎሪመር ጋራ ሆነው ያዙት። ሩዝቬልትም በጁን 4 ቀን ጽሕፈቱን ለምክር ቤቱ ልከው ለሕዝብ ገለጡት። ከዚህ በኋላ ሕግ አያስፈልግም የሚል አልተገኘም፤ ክርክሩ ሁሉ በገንዘቡ ላይ ሆነ።

ይህ የገንዘብ ክርክር ከሽታውና ከትሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ነው። ቤቨሪጅ ያሉት ባለፋብሪካው በእያንዳንዱ ከብት ቍጥር የምርመራውን ዋጋ ይክፈል ነው። በመጀመሪያ የሚሰማው ሰው የመርማሪውን ደመወዝ ተመርማሪው ቢከፍል ዳኛውን በጉቦ እንደ መያዝ አይሆንምን ብሎ ይጠይቃል። የእርሳቸው አሳብ ግን እንዲህ ነበር፤ ደመወዙ በየዓመቱ ከምክር ቤት የሚለመን ከሆነ ባለፋብሪካዎቹ ሕጉን መሻር አያስፈልጋቸውም፥ በምክር ቤት ያሉት ወዳጆቻቸው በጀቱን ቢቀንሱላቸው ይበቃል፤ ሕጉ በወረቀት እንደ ተጻፈ ይኖራል፥ መርማሪው ግን አይገኝም። ያለፉት ዓመታት ምርመራም የተጐዳው በዚህ ነበር፤ ገንዘቡ ስለሚያንስ ከፋብሪካዎቹ ብዙዎቹ መርማሪ አላገኙም። ዋድስወርዝ በበኩላቸው ምርመራው ለሕዝብ ሁሉ ከሆነ ሕዝብ ሁሉ ይክፈል አሉ፤ ይህም ቃል ጥበብ የሌለበት አይደለም፥ ምንም እንኳ ቃሉ የወጣው ለሕዝብ በማሰብ ነው ለማለት ቢያስቸግር። በመጨረሻ በዓመት 3 ሚሊዮን ዶላር ከመንግሥት ግምጃ ቤት ያለ አዲስ ፈቃድ በየዓመቱ እንዲወጣ ተወሰነና ሁለቱም ወገን ተስማማ። ባለፋብሪካዎቹ ከመክፈል ዳኑ፤ ቆርቆሮው የታሸገበት ቀን በላዩ ይጻፍ የሚለውንም አስቀሩ። ሩዝቬልት በጁን 30 ቀን 1906 ስለ ምግብና ስለ መድኀኒት ንጽሕና ከወጣው ሕግ ጋራ ባንድ ቀን ፈረሙበት። ዋድስወርዝ በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫ ወንበራቸውን ዐጡ።

በአዲሱ ሕግ መርማሪው ሥጋውን ተከትሎ እስከ ቋሊማውና እስከ ቆርቆሮው ክፍል ይገባል። ከብቱን በሕይወቱ ሳለ ሲራመድ ያየዋል፤ ከታረደም በኋላ በአንገትና በሳንባ አጠገብ ያሉትን ዕጢዎች እየሰነጠቀ ነቀርሳ መኖሩን ይፈልጋል፥ ጉበቱን ይዳስሳል፥ የጕንጩንና የልቡን ሥጋ ይቈርጣል። ጕንጩን የሚቈርጠው የስንዴ ቅንጣት የሚያህል የትል ፍሬ በዚያ ስለሚቀመጥ ነው። ይህ ፍሬ በጥሬ ሥጋ ከሰው ሆድ ገብቶ ሲያድግ በኢትዮጵያ የኮሶ ትል የሚባለው ይሆናል፤ ጀርመናዊው ሊቅ ሩዶልፍ ሎይካርት በ1860ዎቹ መጀመሪያ ትሉን ከበሬው ሥጋ መምጣቱን በፈተና አስረዱ፥ በኢትዮጵያ ግን ከዚያ እጅግ አስቀድሞ ሕዝቡ በኮሶ ዛፍ አበባ ያስወጣው ነበር። ደኅና ሆኖ በተገኘው ላይ መርማሪው ተመርምሮ አልፏል የሚል ማኅተም ያደርግበታል፤ የተፈረደበት ግን ለሰው ምግብ እንዳይሆን በፊቱ ይጠፋል። ፋብሪካው ንጽሕና ካልጠበቀ መርማሪው ማኅተሙን ይዞ ይወጣል፤ ማኅተም የሌለበት ሥጋ ደግሞ ከአንዱ ክፍለ አገር ወደ ሌላው ሊሻገር አይችልም። የሕጉ ኀይል ሁሉ በዚህች በአንዲት ነገር ነው።

ከዚህ የተጠቀሙት ግን እነዚያው ታላላቆቹ ባለፋብሪካዎች ናቸው ቢባል ሐሰት አይሆንም። የመንግሥት ማኅተም በአውሮፓ ገበያ መሠክርላቸው፤ የምስክሩንም ዋጋ የከፈለው ግምጃ ቤቱ ነው። ትንንሾቹ ቄራዎች ግን ወለላቸውን በሲሚንቶ ለማሠራት ገንዘብ ዐጡ። ብዙዎቹም ሥጋቸውን በዚያው በክፍለ አገራቸው ውስጥ ብቻ እየሸጡ ከሕጉ ውጭ ቀሩ፤ ሕጉ የሚገዛው ድንበር የሚሻገረውን ብቻ ነበርና። ይህ ቀዳዳ የተደፈነው በ1967 ዓመት ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ያን ሕግ በዲሴምበር ሲፈርሙ አፕተን ሲንክሌር ሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት በስፍራው ተገኝቶ ነበር።

ሌላም ጉድለት ነበረ፤ እርሱ ግን በ1906 ከነበሩት ሰዎች ስንፍና የመጣ አይደለም። መርማሪው የሚፈርደው በዐይኑ፥ በእጁና በአፍንጫው ነው። በ1993 ዓመት በምዕራብ አሜሪካ በደንብ ያልበሰለ የተፈጨ ሥጋ የበሉ ከሰባት መቶ በላይ ሰዎች ታመሙ፥ አራት ሕፃናትም ሞቱ። ምክንያቱ ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ነበር፤ ይህም በዐይን አይታይም፥ አይሸትም፥ የተሸከመውም ከብት ያልታመመ ነው። የመርማሪው ቢላዋና እጅ ራሱ ካንዱ ሥጋ ወደ ሌላው ሊያሻግረው ይችላል። ከዚህ የተነሣ በ1996 አዲስ ደንብ ወጥቶ እያንዳንዱ ፋብሪካ አደጋ የሚገባበትን ስፍራ አስቀድሞ እንዲያውቅና በጽሑፍ እንዲቈጣጠር፥ ሥጋውም በላቦራቶሪ እንዲፈተን ታዘዘ፤ የመንግሥቱም መርማሪ ከሥጋው ጋራ የፋብሪካውን መዝገብ ይመረምር ጀመር። መዝገቡን የሚጽፈው ግን ባለፋብሪካው ስለ ሆነ የ1906 ክርክር በሌላ መልክ እንደ ገና ተነሥቷል፤ አንዳንዶቹ ይህ ለፋብሪካው እጅግ መታመን ነው ብለው ይነቅፉታል።

ለዩርጊስና ለጓደኞቹ ግን በ1906 ሕግ ውስጥ አንዲት ቃል አልተጻፈችም። መርማሪዎቹ የሠራተኛውን ሳል የጻፉት በሥጋው ላይ ስለሚተፋበት ነው፤ መጸዳጃና መታጠቢያ እንዲሠራ የታዘዘውም ሥጋው እንዳይቆሽሽ ነው። ጣቱ በቢላዋ የተቈረጠ፥ ሳንባው በብርድና በእርጥበት የታመመ ሠራተኛ በማኅተሙ ውስጥ አልተቈጠረም። በአሜሪካ መንግሥት ሹም ወደ ፋብሪካ ገብቶ የሠራተኛውን አካል ከአደጋ እንዲጠብቅ የሚያዝ አጠቃላይ ሕግ የተፈረመው በዲሴምበር 1970፥ ማለት ሥጋውን የሚጠብቀው ሕግ ከወጣ ከስድሳ አራት ዓመት በኋላ ነው። ሲንክሌር ከዚያ በፊት በ1968 ዓመት ዐርፎ ነበር። አዲሱ ሕግ በአፕሪል 1971 ሥራ ላይ ዋለ፤ የቺካጎውም ታላቅ በረት በዚያው ዓመት በጁላይ መጨረሻ ተዘጋ።